ስማቸው የሚጠራበት ቦታ

ከሴኡል አጠገብ፣ በቡፒዮንግ የምድር ውስጥ ገበያ ከሁሉም የጠበበችው ሱቅ የሶንሬ ናት። አንድ የስፌት ማሽን፣ አንድ ካውያና አንድ ሰው ትይዛለች፤ ሁለተኛ ሰው ከመጣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሶንሬ እዚያ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ የሰው ቀሚስ ታጠብባለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች። ደንበኞቿ ከእጇ እንጂ ከፊቷ ጋር ትውውቅ የላቸውም። «እስከ ቁርጭምጭሚት»፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ያዝ አድርጊው» ይሏትና ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ቢያገኟት አያውቋትም፤ እሷ ግን ከሩቅ በአካሄዳቸው ትለያቸዋለች።

አርባን አልፋለች። አግብታ ነበር፣ ፈትታለች። ፍቺው ጭቅጭቅ አልነበረበትም። ባሏ አንድ ማለዳ ጫማውን እያጠለቀ «አንቺ እኮ ቤት ውስጥ መኖርሽን ሰው ይረሳል» አላት፤ ነገሩ እውነት መሰላት።

ዘፈን ወዳድ አልነበረችም። ከፊት ለፊቷ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ልጅ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የምታስደምጠው የሳንማሩን ዘፈኖች ነበር፤ ወደድሽም ጠላሽም ጆሮ በር የለውም። ሳንማሩ የአምስት ወጣቶች ቡድን ነው። ከአምስቱ ትንሹ ሀኑል ይባላል። አንድ ቀን ልጅቱ ስልኳ ላይ የከፈተችው ወሬ እንጂ ዘፈን አልነበረም፤ ሀኑል ስለ እናቱ ምግብ ሲያወራ በመሃል የሩቋ የሳምቾክ አገር ቤት አነጋገር አመለጠውና ሌሎቹ አራቱ ሳቁበት። አንደኛው ትከሻው ላይ ወድቆ እየሳቀ አነጋገሩን ደገመው። ሀኑልም አብሮ ሳቀ። ሶንሬ የተወለደችው ሳምቾክ ነው። ወደዚህ ስትመጣ ያንን አነጋገር ከምላሷ ላይ ነቅላ ለመጣል ስንት መከራ አይታለች። በእሱ ሲሳቅ፣ እሱም ሲስቅ አይታ መርፌዋን አስቀመጠች።

አልበማቸውን የገዛችው እንደ ሌባ እየተሳቀቀች ነው። ከፍታ ስታየው ከውስጡ አንዲት ትንሽ የፎቶ ካርድ ወጣች፤ ካርዷ ላይ ያለው ግን ሀኑል ሳይሆን ጊሁክ የሚባለው ነው። የሳንማሩ አልበም እንዲህ ነበር፤ ማን እንደሚደርስሽ አታውቂም። አምስት ሰው ባለበት ቡድን የአልበም ገዢ እጅ ላይ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ የሌላ ሰው ፍቅር ነው። የራስሽን ለማግኘት ያንቺን ይዛ አንቺ ጋ ያለውን የሷን የምትፈልግ ሰው መፈለግ አለብሽ።

የስልክ ሽፋን ሻጯ አገናኘቻትና ከባቡር ጣቢያው መግቢያ አጠገብ አንዲት ልጅ ጠበቀቻት። ዳሚ ትባላለች፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ ረዳት ናት። ገና ከሩቅ እያወራች መጣች።

«እትዬ፣ የኔን ጊሁክ ይዘሽ ነው የመጣሽው? በናትሽ የካርዱን ጠርዝ አላጣመምሽውም?»

«በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ» አለች ሶንሬ ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ።

«በጨርቅ?» ዳሚ የተጠቀለለበትን ሐር ዳሰሰችው። «የኔ እናት፣ የሙሽራ ልብስ እኮ ነው ያለበስሽው። ያንቺን ልጅ በፌስታል ስላመጣሁት አፈርኩ።»

በሁለት እጅ ተሰጣጡ፣ በሁለት እጅ ተቀበሉ። ዳሚም በዚያው እየጎተተች ወደ እትዬ ኦክቡን ወሰደቻት። ኦክቡን ሃምሳን የዘለለች ባልቴት ናት፤ ገበያው ጫፍ ላይ የተሰናዳ የማባያ ምግብ ትሸጣለች፤ ኪምቺ የሚሉት በበርበሬ የተቦካ ጎመን፣ በአኩሪ አተር መረቅ የበሰለ የሎተስ ሥር፣ ትናንሽ የተጠበሱ ዓሦች። የእሷ ልጅ ዩንሴ ነው። «ልጅ» ነው የሚሉት ሦስቱም፤ ያንቺ ልጅ፣ የኔ ልጅ።

እሑድ እሑድ የኦክቡን ሱቅ ሲዘጋ ከጓዳው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰቡ ነበር። ምግቡ የሳምንቱ ትራፊ ነው፤ ወሬው ግን ትኩስ።

«የዚህች ጊሁክ» ትላለች ኦክቡን ወደ ዳሚ በማንኪያ እያመለከተች፣ «ከፍ ያለ ድምፅ ሲያወጣ ጉሮሮው ላይ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረበት ነው የሚመስለኝ። ውሃ ስጡት ማለት ያምረኛል።»

«ያንቺው ዩንሴ ደግሞ ሲደንስ ካልሲው ውስጥ ጠጠር የገባበት ይመስላል፣ እትዬ።»

«ጠጠርም ቢገባ መልኩ ያስረሳል።»

«የእትዬ ሶንሬስ?»

«የሶንሬ ደህና ነው» ትላለች ኦክቡን፤ «ብቻ ሁልጊዜ ጥግ ነው የሚቆመው፣ እንደ ወዳጁ።»

ሶንሬም አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። የሌላዋን ልጅ መስደብ ይቻል ነበር፤ ማንም የማንንም ስለማይፈልግ። አንዷ ልጅ በደመቀ ቀን ሁለቱ ያጨበጭቡላታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የሌላዋ ነው። ሶንሬ ከትዳሯ ያላገኘችው ነገር ይህ ነበር፤ መምጣቷ የሚጠበቅበት ወንበር።

ጩኸትም እዚያው ተማረች። በሳንማሩ ዘፈኖች ውስጥ ዘፋኞቹ ዝም የሚሉበት ቦታ አለ፤ ከበሮው ብቻ ይመታል፣ ያንን ባዶ የሚሞላው ደጋፊው ነው። ከትልቁ ጀምሮ ወደ ትንሹ ስማቸው ይጠራል፤ ሳንግዎ፣ ዩንሴ፣ ጊሁክ፣ ቢን፣ ሀኑል። ኦክቡን የድስት ክዳን እየመታች አስተማረቻት። ሀኑል መጨረሻ ስለሆነ ሶንሬ የራሷን ልጅ ስም ለመጥራት አስቀድማ የሰውን ልጆች ሁሉ መጥራት ነበረባት። መጀመሪያ ድምፅዋ አልወጣ አለ።

«ወጥ የምትቀምሺ ነው የምትመስዪው» አለቻት ኦክቡን። «ስም ነው የምንጠራው። ባቡር ሊያመልጠው ያለ ሰው እንደምትጠሪ ጥሪ።»

ጠራች። በቀጣዩ የሳንማሩ ዝግጅት ላይ በአሥር ሺዎች መሃል ስትጮህ ጉሮሮዋ ስለ ሕይወቷ ሁሉ የጮኸ መሰላት፤ ማንም ግን ዞር ብሎ አላያትም፤ ሁሉም ያንኑ እየጮኸ ነበርና።

ቡድኑ በተቋቋመ በሰባተኛው ዓመት የልጆቹ ውል አለቀ። የሚያስተዳድራቸው ድርጅት መግለጫ በምሳ ሰዓት ወጣ። አራቱ ትልልቆቹ አይቀጥሉም። ዩንሴ ለግዴታ ውትድርና ይሄዳል። ጊሁክ ከድርጅቱ ጋር ተጣልቶ በጠበቃ መነጋገር ከጀመረ ቆይቷል፤ ስሙም ከመግለጫው ላይ የለም። ሀኑል ብቻ አዲስ ውል ፈርሞ ለብቻው ይዘፍናል።

ሶንሬ ሱቋን ዘግታ ወደ ኦክቡን ሮጠች። ዳሚ ቀድማ ደርሳ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ የጎመን ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትነፋረቃለች። ሶንሬም አቅፋት አለቀሰች። እንባዋ እውነተኛ ነበር። ከእንባው ሥር ግን አንድ ትንሽ ነገር ሞቅ ብሏት ነበር፤ የኔ ተረፈ የሚል። ያንን ነገር ለማዳፈን የበለጠ አለቀሰች።

ኦክቡን አላለቀሰችም። ለኪምቺ የሚሆን ነጭ ሥር እየከተፈች «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት።

«እትዬ፣ እንደዚያ አትበዪኝ።»

«ምን አልኩሽ? ቤት ተቃጥሎ አንድ ልጅ ከተረፈ እንኳን ተረፈ ነው የሚባለው። በይ እንግዲህ፣ ያንቺም የኛም ነው፤ ለሦስት እናሳድገዋለን።»

አለች እንጂ፣ ሥሩ ላይ ያረፈው ቢላዋ ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

የሀኑል የብቻ አልበም ሲወጣ እንደ ልማዳቸው እሑድ ተሰበሰቡ። ሦስቱም ገዝተዋል። እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ካርዱን መዘዙና በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ሀኑል። ሀኑል። ሀኑል። በአንዱ ኮፍያ አድርጓል፣ በአንዱ አገጩን ተደግፏል፣ በሦስተኛው መስኮት ያያል።

ማን ከማን ምን እንደሚቀያየር የሚያውቅ ጠፋ።

ዳሚ የራሷን በጣቷ ገፋ አድርጋ ወደ ሶንሬ አስጠጋችው። «ውሰጂው እትዬ።»

«ምን ልስጥሽ ታዲያ?»

«ምን አለሽና?»

በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ ነገሩ ግን ከክፉ ቃል ይብስ ነበር። ኦክቡንም የራሷን ገፋችላት፤ ሶንሬ ሦስቱንም ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሦስት ሀኑል ኖሯት እንደዚያን ቀን ባዶ እጇን ወደ ቤቷ የሄደችበት ቀን የለም።

ገና ሳይለያዩ ኦክቡን የሀኑልን ቪዲዮ አይታ ስትጨርስ «ልጁ ጎበዝ ነው» አለች። «ችግሩ ሌላ ነው። እኔ ለካ የምወደው እነሱ እርስ በርስ ሲተያዩ ነበር። አንዱ የአንዱን ኮሌታ ሲያስተካክል፣ ቢን የሰው ሳህን ላይ እጁን ሲሰድ። ይሄ ብቻውን ቆሞ የሚያየው እኛን ነው። እኛ ደግሞ ምናችን ይታያል?»

ሶንሬ ግን ልቧ አንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ። ሀኑል በሴኡል የመጀመሪያውን የብቻ ዝግጅቱን ሲያቀርብ ሦስቱ አብረው ከሄዱ፣ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ከተቀመጡ፣ ነገሩ ይጠገናል ብላ አሰበች። የተቀደደ ልብስ ሁሉ የሚሰፋ ይመስላታል፤ ሥራዋ ነዋ። ለመነቻቸው። ዳሚ ሁለቴ ፈረቃ አለብኝ አለች፤ በሦስተኛው እሺ አለች። ኦክቡን «ልጃችን አይደል» አለች።

አንድ ነገር ግን አልነገረቻቸውም። ድርጅቱ በሀኑል ደጋፊነት ለተመዘገቡት የዝግጅቱን የጥሪ ሥርዓት በስልክ ልኮ ነበር። ሀኑል ከሳንማሩ ዘፈኖች አንዱን ይዘፍናል፤ ስም በሚጠራበት ቦታ ግን የሀኑል ስም አምስት ጊዜ ይጠራ ይላል። ሶንሬ አነበበችው፣ እንደገና አነበበችው፣ ስልኩን ደብቃ ስፌቷን ቀጠለች። ብነግራቸው ይቀራሉ ብላ ፈራች። ሲደርስ ይገባቸዋል አለች ለራሷ፤ ሕዝቡን ሰምተው ይከተላሉ።

አዳራሹ ነጭ በነጭ ነበር። ደጋፊዎች በእጃቸው የሚያውለበልቡት አዲስ የሚበራ በትር ለሀኑል ተሠርቶለታል፤ በትሮቹ በአዳራሹ መቆጣጠሪያ አንድ ላይ ይበራሉ፣ አንድ ላይ ይጠፋሉ። ሶንሬ አዲሱን ይዛለች። ኦክቡንና ዳሚ የያዙት የድሮውን የሳንማሩ በትር ነው፤ መቆጣጠሪያው ስለማያውቀው ጨለማም ሆነ ብርሃን ሁለቱ አረንጓዴያቸውን እንደበሩ ናቸው። ሶንሬ በመሃላቸው ተቀምጣ ከግራም ከቀኝም አረንጓዴው ፊቷ ላይ ያርፍባታል። ከፊታቸው የተቀመጡት ሴቶች «የሀኑል ብቻ» የሚባሉት ወገን ናቸው፤ ሳንማሩ የሚለውን ስም መስማት የማይፈልጉ። አንዷ ዞር አለች።

«ይቅርታ፣ የእናንተ መብራት ዓይን ይወጋል።»

«ዓይንሽን ወደ መድረኩ አድርጊዋ» አለች ዳሚ፣ «እሱ እዚያ ነው ያለው።»

ሀኑል ጥሩ ዘፈነ። ድምፁ ጎልምሷል። በመሃል የከበሮው ድምፅ ተለወጠና ዳሚ የሶንሬን ክንድ ጨመቀች፤ የሳንማሩ ዘፈን ነው። ኦክቡን ሳታስበው ጉልበቷን እንደ ድስት ክዳን መታች። ሀኑል የአምስቱንም ድርሻ ለብቻው እየዘፈነ መጣ፣ የጊሁክን ከፍታ፣ የዩንሴን ዝቅታ፤ ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ዝም አለ። ከበሮው ብቻ።

«ሳንግዎ! ዩንሴ! ጊሁክ!»

የሁለቱ ድምፅ ከ«ሀኑል፣ ሀኑል» በላይ ወጣ። ዓመታት የለመደ ጉሮሮ ነው፣ ትእዛዝ አይጠብቅም። መላው መደዳ ዞረ። መድረኩ ላይ ሀኑልም አንገቱን ወደነሱ በኩል ቀና አደረገ፤ ሶንሬ ከሩቅ ፊቱ ቅጭም ሲል ያየች መሰላት።

«የከሃዲውን ስም እዚህ ይጠራሉ?» አለች ከፊት ያለችው ሴት። «በሰው ሠርግ ላይ የድሮ ባል ስም የሚጠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ከማን ጋር ነው የመጡት እነዚህ?»

ሴትዮዋ ሶንሬን አየቻት። ነጩን በትሯን አየች፣ ሁለቱን አረንጓዴዎች አየች። ሶንሬ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። እጇን ዳሚ ክንድ ላይ አደረገች።

«ዝም በሉ፣ እባካችሁ» አለች። «የሱ ቀን ነው። አታበላሹበት።»

ዳሚ የያዛትን እጅ አየችው። ቀስ ብላ ክንዷን ሳበች።

ዘፈኑ ዞሮ ያ ቦታ እንደገና መጣ። ሀኑል ዝም አለ፤ ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጎ በእነሱ በኩል ቆመ። አዳራሹ ስሙን አምስት ጊዜ ጠራ። ሶንሬም ጠራች፤ አምስቱንም ጊዜ፣ ከፊት ያለችው ሴት እስክትሰማት ድረስ። ከግራዋና ከቀኝዋ አንድም ድምፅ አልወጣም። ዳሚ በትሯን አጠፋች። ኦክቡን አላጠፋችውም፤ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

በባቡሩ ሲመለሱ ኦክቡን «ጥሩ ዘፈነ» አለች። ዳሚ ከቤቷ አንድ ጣቢያ አስቀድማ ወረደች፤ የሚገዛ ነገር አለኝ ብላ። በማግሥቱ ሦስቱ የሚጻጻፉበት የስልክ ቡድን ላይ ዳሚ መውጣቷን የሚናገር አንድ ግራጫ መስመር ታየ። እሑድ ሶንሬ የኦክቡንን የሱቅ መዝጊያ አንኳኩታ የሚከፍትላት ብታጣ ተመለሰች።

በበጋ የሀኑል ልደት ሆነና «የሀኑል ብቻ» ወገን አንድ ካፌ ተከራይተው ግድግዳውን በፊቱ ሸፈኑት። ሶንሬ ሄደች። የምትሄድበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። ሁሉም የሚወዱት አንድ ሰው ነው፣ ያላቸውም አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ስለዚህ የሚያወሩት ማን የበለጠ እንዳላት ነበር። አንዷ እጇን እንደጨበጣት ተናገረች፤ ሌላዋ «እኔን በስሜ ጠርቶኛል» አለችና የመጀመሪያይቱ ፊቷን አዞረች። ቀልድ የለም። ማን በማን ልጅ ይቀልዳል? ልጁ አንድ ነው።

«አንቺ ድሮ የሳንማሩ ነበርሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት አጠገቧ የተቀመጠችው። «አነጋገርሽ የድሮዎቹን ይመስላል።»

«አይ» አለች ሶንሬ።

ከሰዓት ሀኑል በኢንተርኔት በቀጥታ ለደጋፊዎቹ መናገር ጀመረና አንዷ ስልኳን ከብርጭቆ ጋር አስደግፋ አቆመችው። ሁሉም ጎንበስ አሉ። ሀኑል ኬኩን አሳየ፣ አመሰገነ፣ ስለ ሴኡሉ ዝግጅት ተጠየቀ።

«በዚያ ዘፈን ላይ» አለ፣ «ስም በሚጠራበት ቦታ ከአንድ ጥግ የወንድሞቼን ስም ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ይመስሉኛል። በመጀመሪያው ደንግጬ ቃሉ ሊጠፋኝ ነበር። ከዚያ ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ወደዚያ በኩል ሄጄ ቆሜ ሁሉ ጠበቅሁ።» ትንሽ ሳቀ። «ግን አልመጣም። ደክሟቸው ይሆናል።»

«ደግ ስለሆነ ነው እንጂ» አለች አንዷ፤ «ምን ያህል እንደረበሹት እኔ አይቻለሁ።» ሌሎቹም ተስማሙ። ሶንሬ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

የኦክቡን ሱቅ በዚያ ሰዓት ሰው ይበዛበታል። ሶንሬ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ።

«ምን ልስጥሽ?» አለቻት ኦክቡን፣ ለሁሉም እንደምትለው።

«የሎተስ ሥር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ዛሬ የተናገረውን ሰማሽ?» አለች።

«ዳሚ ላከችልኝ።»

«ዳሚ ትጽፍልሻለች?»

«ለምን አትጽፍልኝም?»

«ፊቱ የተቆጣ መስሎኝ ነበር። በሩቅ ነው ያየሁት። እሱ ራሱ እኮ ነው ሲጠብቅ የነበረው፣ ለሱ ብዬ ነው…»

ኦክቡን የሎተስ ሥሩን ዕቃ ክዳን ገጠመች፤ ዳር ዳሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«ዩንሴ ጦር ሰፈር ነው፣ ጊሁክ የት እንዳለ አይታወቅም» አለች። «ያንን ስም የምንጠራበት ቦታ ያ ብቻ ነበር የቀረን፣ ሶንሬ። የሚጠብቅ ሰውም እዚያው ነበር። በመሃል ደግሞ አንቺ ነበርሽ።»

ዕቃውን ሰጠቻት። በአንድ እጇ ነበር፤ በሌላው የሚቀጥለውን ሳጥን እየከፈተች ነው።

«ወረፋ ይዘሽ ነው?» አለች ከኋላ የቆመች ሴት።

«አይ» አለች ሶንሬ፤ «ጨርሻለሁ።» ብላ ወደ ጎን ገለል አለችላት።